አሮጌ ቤት ለማፍረስ ስንት ይፈጃል? ከአባታችን ቤት የተማርኩት የወጪ ስሌት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤቱን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት የተነሳ ቤተሰብ ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ ዋጋ ሲያወራ ይከርማል፤ ስለ ማፍረሱ ግን «እሱማ ምን አለው፣ የቀን ሠራተኛ ገብቶ በሳምንት ያጸዳዋል» ብሎ ያልፈዋል። እኛም ቤት የነበረው ንግግር ይኸው ነበር። አባታችን ጉለሌ ውስጥ የሠራው የጭቃ ቤት፣ ከጓሮው በብሎኬት ከተጨመረው ሰርቪስ ጋር ፈርሶ በጂ+2 እንዲተካ ወንድምና እህት ሁላችንም ተስማማን። ለግንባታው የተዘጋጀው የወጪ ዝርዝር ገጾች ሲሞላ ለማፍረሱ የተተወችለት አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። ያቺ መስመር ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምን ያህል እንደሰፋች፣ እያንዳንዱ ወጪ ከየት እንደመጣ፣ ከመካከላቸውም አስቀድሞ በሜትርና በወረቀት ሊታወቅ ይችል የነበረው የትኛው እንደሆነ ላካፍላችሁ። የብር መጠን ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ዘንድሮ የጠራሁት ዋጋ ለከርሞ ስለማያገለግል የሚጠቅማችሁ የሥራው ልክና አሠራሩ ነው።

ዋጋ ማጠያየቅ ስንጀምር የመጡልን መልሶች እርስ በርሳቸው ፈጽሞ የማይገናኙ ነበሩ። አንዱ የቀን ሠራተኞች አለቃ ቤቱን በዓይኑ ቃኝቶ መጠነኛ የሚባል የቁርጥ ዋጋ ጠራ። ሁለተኛው ሰው ደግሞ ቆርቆሮውን፣ እንጨቱን፣ በሩንና መስኮቱን ከተውንለት ያለ ምንም ክፍያ እንደሚያፈርስልን ነገረን። ሦስተኛው ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ሲሆን የእሱ ዋጋ የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ነበር፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ዋሽንግተን የምትኖረው እህታችን ስልክ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀው ጥያቄ «ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» የሚል ነበር፤ ታናሽ ወንድማችን በበኩሉ በነፃ አፈርሳለሁ ያለውን ሰው ዛሬውኑ እንጥራው ባይ ነበር።

ነገሩን የፈቱልን በሕንፃ ሥራ ፎርማንነት ኖረው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ሦስቱንም ዋጋ ካሳየኋቸው በኋላ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ስለ አንድ ሥራ አይደለም የሚነግሩህ» አሉኝ። የመጀመሪያው የጠራው የመናጃውን ጉልበት ብቻ ነው፤ ፍርስራሹን ግቢው ውስጥ ቆልሎ ይሄዳል። ሁለተኛው የሚወስደው የሚሸጠውን ዕቃ ነው፤ ጭቃውንና ድንጋዩን አይነካም። ሦስተኛው ባዶ መሬት አጽድቶ ሊያስረክብ ነው። «መናዱንማ ምስጥም ይሠራዋል» አሉ ሽማግሌው፤ «ወጪው ያለው ከናዳችሁት በኋላ ወዴት ትወስዱታላችሁ በሚለው ላይ ነው። እስቲ ሜትርህን አምጣ።» እናንተም ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሥራውን ወሰን ጻፉ፦ ማፍረስ ብቻ ነው፣ ማፍረስና መጫን ነው፣ ወይስ መሠረቱን አውጥቶ መሬቱን አስተካክሎ ማስረከብ? ይህ ሳይጻፍ የሚሰበሰብ ዋጋ ለማወዳደር አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ የሚከብድ አይደለም፤ ግን ማንም አይሠራውም። ቤቱን ክፍል በክፍል ለክተን የሚፈርሰውን ሁሉ ወደ ሜትር ኩብ ለወጥነው። ዋናው ቤት 10 ሜትር በ8 ሜትር ነው። የውጭው ግድግዳ ዙሪያው 36 ሜትር፣ የውስጥ ክፍልፋዮቹ ደግሞ ሲደመሩ 24 ሜትር ያህል ስለሆኑ በጠቅላላው 60 ሜትር ግድግዳ አለን ማለት ነው። ከፍታው 3 ሜትር፣ ውፍረቱ ከነልስኑ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ብዜቱ 36 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 32 ያህል ይቀራል። የድንጋይ መሠረቱ ከውጭው ግድግዳና ቤቱን ለሁለት ከሚከፍለው ዋና ግድግዳ ሥር ብቻ ነው፤ 44 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ከነውጫሌው (ከመሬት በላይ ከሚታየው የድንጋይ ግንብ ጋር) 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስላለው 18 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ወለሉ ከላይ ሲሚንቶ ከሥር የተጠቀጠቀ ድንጋይ ሲሆን በጠቅላላው 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ በ80 ካሬ ሜትር ሲባዛ 24 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰርቪሱ 12 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ ከብሎኬት ግድግዳው 18፣ ከወለሉ 8፣ ከመሠረቱ 6 ሜትር ኩብ አወጣን። ሁሉም ተደምሮ 106 ሜትር ኩብ ሆነ።

በዓይን ሲታይ ትልቁ ነገር ግድግዳው ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእግራችን በታች የነበረው ወለልና መሠረት ነው። የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ቤቱን ቆሞ እያየ ዋጋ ሲጠራ የመሬት ውስጡ ሐሳቡም ላይ አልነበረም፤ በኋላ ስንጠይቀው «መሠረት ማውጣት ለብቻ ነው» ብሎናል።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ብዙ ሰው የሚስተው ነው። የቆመ ግድግዳ ሲፈርስ በመካከሉ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር የሚይዘው ስፍራ ይጨምራል። ፎርማኑ ለእንዲህ ያለው ድብልቅ ፍርስራሽ አንድ ተኩል እጥፍ ያዝ አሉኝ፤ ድፍን ኮንክሪት ከሆነ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፣ ተራ አፈር ከሆነ ደግሞ ጭማሪው ከሩብ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በቆመበት 106 የነበረው ነገር መኪና ላይ ሲወጣ 159 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ጭማሪ ሳታስቡ የመኪና ቢያጆ (ምልልስ) ብትቆጥሩ ከሦስት አንድ እጁን ጭነት ከሒሳባችሁ ውጭ አድርጋችሁታል ማለት ነው።

ሲኖትራክ በአንድ ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ስለሚወስድ 159ኙን አሥር ምልልስ ይጨርሰዋል ብለን ደስ አለን። ደስታው የቆየው ግን ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለውን ኮብልስቶን መንገድ እስክንለካው ድረስ ነበር። መታጠፊያው ላይ ያለው የመብራት ምሰሶና የጎረቤት አጥር ተጋፍተው የተዉት ስፋት ሲኖትራክን ቀርቶ ከፍ ያለ መኪናን ሁሉ አያስገባም። የሚገባው ኢሱዙ ብቻ ነው፤ እኛ ያነጋገርነው ኢሱዙ የጭነት ሳጥኑ ሲለካ 5 ሜትር ኩብ ሆነ። አሥር የነበረው ምልልስ ሠላሳ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ኢሱዙ ለአንድ ቢያጆ የሚያስከፍለው ከሲኖው ያነሰ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሲካፈል ግን ከእጥፍ በላይ ይወጣል። በተጨማሪ ትልልቅ መኪና በብዙ የከተማው መንገድ በቀን እንዳይንቀሳቀስ ስለሚከለከል ሲኖ ቢገባ እንኳ ሥራው ማታ ይሆን ነበር፤ ለማታ ደግሞ ጫኙም ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ጎረቤቱም እንቅልፍ ያጣል። ኤክስካቫተር ለመከራየት ያሰቡም ሰዎች ይህንኑ ልብ ይበሉ፦ ማሽኑ ኪራዩ በሰዓት ቢሆንም አነስተኛ የሰዓት ገደብ አለው፤ በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅተኛ ተጎታች) ተጭኖ ሲመጣና ሲመለስ የሚከፈለው ደግሞ ለትንሽ ይዞታ ከሥራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። መንገዳችሁን ሳትለኩ የመኪና ዋጋ አትጠይቁ።

እዚህ ላይ የወጪውን አቅጣጫ የለወጠው ሐሳብ መጣ። ከመሠረቱና ከወለሉ ሥር የሚወጣው ድንጋይ ለአዲሱ ቤት መሠረትና ለወለሉ ጥቅጥቅ የሚሆን ስለሆነ ከፍለን አስወጥተን እንደገና ከፍለን ልናስገባው አይገባም። ተቆጥሮ ሲታይ ከጠቅላላው 106 ውስጥ ቢያንስ 30 ሜትር ኩቡ ጭቃው ተራግፎ ሊለይ የሚችል ጤነኛ ድንጋይ ነበር። ቀሪው 76 በአንድ ተኩል ሲባዛ 114 ይሆናል፤ ለኢሱዙው ሃያ ሦስት ምልልስ ነው። ዘጠኝ ምልልስ ተቀነሰ፤ አዲስ ድንጋይ ለመግዛት ይወጣ የነበረውም ገንዘብ ቀረ። እርግጥ ነው ድንጋዩን ለመለየት የተጨማሪ ሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ የሚከመርበትም ቦታ ያሻል። ግቢያችን ጠባብ በመሆኑ ክምሩ አዲሱ ሕንፃ በማያርፍበት በአንድ ጥግ ብቻ እንዲሆን ከመሐንዲሱ ጋር ተማክረን በኖራ አሰመርን። ይህ ካልተደረገ ድንጋዩን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ስታዘዋውሩ ያተረፋችሁትን መልሳችሁ ትከፍላላችሁ። የግድግዳውን ጭቃ ግን ለወለል ሙሌት እንጠቀምበት ያሉ ነበሩ፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ከወለል ሥር ሲበሰብስ ስለሚሰምጥ መሐንዲሱ አልፈቀደም።

ስለሚሸጠው ዕቃ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም «በነፃ አፈርስላችኋለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ቤተሰብን የሚያታልለው በዚህ ነው። የጭቃ ቤት ተብሎ የሚናቀው ቤት ውስጥ የቆመው እንጨት ሁሉ ባሕር ዛፍ አይደለም። አባታችን ማዕዘኖቹንና ዋና ዋናዎቹን ምሰሶዎች በጥድ ነበር ያቆመው፤ ጥድ ምስጥን ስለሚቋቋም ልስኑ ሲራገፍ እንጨቱ እንደነበረ ወጣ። በሮቹ የዝግባ ነበሩ። ቆርቆሮው የድሮ ወፍራም በመሆኑ ከዛሬው ስስ ቆርቆሮ ይልቅ ለአጥርና ለጊዜያዊ መጋዘን ይፈለጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሚስማሩ ሳይቀር በኪሎ ገዢ አለው። እኛ ዕቃውን ዝርዝር ጽፈን፣ እያንዳንዱን ፎቶ አንስተን፣ ምናለሽ ተራ ሄደን ዋጋ ካጠያየቅን በኋላ ለየብቻ ሸጥነው፤ የተገኘው ገንዘብ ለማፍረሻው ጉልበት ከወጣው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ያ በነፃ አፈርሳለሁ ያለው ሰው ሞኝ አልነበረም። በሉ እንግዲህ ዕቃችሁን በራሳችሁ ለመሸጥ ጊዜ ከሌላችሁ፣ ቢያንስ የዕቃውን ግምት አውቃችሁ ከአፍራሹ ዋጋ ላይ አስቀንሱ። ቁራሌው በር ላይ ቆሞ የሚጠራው ዋጋ ግምት ሊሆን አይገባም።

ለዚህ ማወዳደሪያ የሆነኝ ሳሪስ አካባቢ የአጎቴ ልጅ ያፈረሰው ጂ+1 ቤት ነው። እሱ አፍራሹን ሊከፍለው ሲዘጋጅ አፍራሹ ራሱ ገንዘብ ሰጥቶት ስለገባ ሰፈሩ ሁሉ «አፍራሽ ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም» እያለ ያወራ ነበር። ልዩነቱ የፌሮ ነው። 100 ካሬ ሜትር የሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ሶሌታ (በፎቆች መካከል ያለ የኮንክሪት ወለል) 15 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ብረት ቢኖር ከሶሌታው ብቻ ከ1,200 እስከ 1,500 ኪሎ ብረት ይወጣል፤ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ። ብረቱን ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ፦ የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉት፤ የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ይሰጣችኋል። 12 ቁጥር ፌሮ በዚህ ስሌት በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው። ነገር ግን ያው ሶሌታ ወደ 37 ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው፤ በጃክ ሀመርና በኮምፕሬሰር ተሰባብሮ ነው የሚወርደው፤ የወረደውም ኮንክሪት ከጭቃ ይልቅ ለመጫን ይከብዳል። አፍራሹ ፌሮውን ነቅሎ ከወሰደ በኋላ የኮንክሪቱ ክምር ለአጎቴ ልጅ ቀረለት፤ ያንን ያስወጣው በራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ዋጋ ለቤታችሁ አትውሰዱ፤ ቤቱ ከምን እንደተሠራና ውሉ እስከ የት እንደሚደርስ ሳይታወቅ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ጣሪያው ወይም የውኃ ቱቦው ኢተርኒት የሆነ አሮጌ ቤት ያላችሁ ሰዎች ለብቻው ዋጋ ያዙለት። የድሮ ኢተርኒት አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሲሆን ሲሰበር የሚነሳው ብናኝ በሳንባ ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚታይ ጉዳት ያደርሳል። በመዶሻ ሳይሰበር፣ በውኃ ርሶ፣ ማሠሪያው እየተፈታ ሙሉውን መውረድ አለበት፤ ከሌላው ፍርስራሽ ጋርም መቀላቀል የለበትም። ቀስ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ዋጋው ከቆርቆሮ ጋር አንድ አይሆንም።

አሁን ወደማይታየው ልመለስ። ፎርማኑ ገና በመጀመሪያው ቀን «የሽንት ቤት ጉድጓዱ ስንት ነው?» ብለው ጠይቀውን ነበር፤ እኛም ያለ ጥርጥር አንድ ነው አልን። በአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት እማማ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «ኧረ ልጆቼ፣ ሰርቪሱ ሳይሠራ በፊት የነበረውስ? እኔ አራስ ሆኜ እናታችሁ ቤት ስመጣ እዚያ ጥግ ነበር እኮ» አሉ። ያሉት ጥግ ማለት ሰርቪሱ የተሠራበት ነው። ወለሉ ሲነሳ በእንጨትና በድንጋይ ተከድኖ የተረሳው ጉድጓድ በእርግጥ እዚያው ነበር። ባናውቅ ኖሮ ከላዩ ፍርስራሽ የሚጭን ሠራተኛ ሊገባበት ይችል ነበር፤ አዲሱም ሕንፃ አንዱን እግሩን በላዩ ሊያሳርፍ ነበር። ስፋቱ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር ሆኖ ሲለካ 12 ሜትር ኩብ ነው። ያገለግል የነበረው ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና መመጠጥ አለበት፤ የደረቀው ደግሞ ተጠርጎ በድንጋይና በሰሌክት (ለሙሌት በተመረጠ አፈር) በየደረጃው እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ሰሌክቱም ያው በኢሱዙ ነው የሚገባው። ይህ ወጪ በየትኛውም የተቋራጭ ዋጋ ውስጥ አልነበረም። ሰፈራችሁ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሰው ካሉ ቡና አፍልታችሁ ጥሩና ጠይቁ፦ የድሮው ሽንት ቤት የት ነበር፣ ጉድጓድ ውኃ ነበረ ወይ፣ ቤቱ ሲሠራ ረግረግ ነበር ወይ።

ሌላው ግምት የማይገባው ወጪ የጋራ ግድግዳ ነው። የሰርቪሳችን የኋላ ግድግዳ ለጎረቤት ቤት ጭምር ግድግዳ ሆኖ ያገለግላል። ያ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የቀበሌ የሆነ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ማለት ከወረዳው ጋር መነጋገር ነው፣ የሚኖሩበት ሰዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ግድግዳውን ብናነሳ የእነርሱ ጣሪያ የሚያርፍበት ያጣል። መሐንዲሱ በዚያ በኩል ያለው የብሎኬት ግድግዳ በመጨረሻ፣ በእጅ ብቻ፣ ከሥሩ ድጋፍ እየተደረገለት እንዲነካ ወሰነ፤ ለጎረቤቶቻችን አዲስ ግድግዳ የማቆም ወጪም በእኛ ዝርዝር ላይ ተጻፈ። ከዚህ በፊት ግን የጎረቤቱን ቤት ከውስጥም ከውጭም፣ የነበረውን ስንጥቅ ሳይቀር፣ ቀኑ በሚታይ ፎቶ አነሳን፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባሉበትም ተፈራረምን። ይህ የተደረገው ጎረቤት ስለማይታመን አይደለም፤ መዶሻ ከጀመረ በኋላ አሮጌውን ስንጥቅ ከአዲሱ ለመለየት ማንም ሊደፍር ስለማይችል ነው።

የፈቃዱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ለማፍረስም እንደ መሥራት ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት ይጠየቃል። የእህታችን ውክልና በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ ከሠራተኞቹ ጋር የተነጋገርነውን ዋጋ አሳልፎብናል፤ ወራሽ ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ከሁሉ አስቀድሙ። ቤቱ በባንክ ዕዳ ከተያዘ የባንኩ ፈቃድ፣ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ፈቃድ ሳይኖር አንዲት ቆርቆሮ እንዳትነቀል። የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ በተመለከተ ብዙ ሰው «ይቋረጥልኝ» ብሎ ያመለክታል፤ እኛ ያደረግነው ግን ሁለቱም ወደ አጥሩ ጥግ እንዲዛወሩ መጠየቅ ነው። ለግንባታው ውኃም መብራትም ስለሚያስፈልግ አቋርጦ እንደ አዲስ ማስቀጠል ጊዜውም ወጪውም ይበዛል። መስመሩ ከቤቱ ላይ መነሳቱ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ግን ጣሪያ ላይ ሰው አይውጣ።

ወቅትም ዋጋ አለው። ክረምት ሲገባ የጭቃ ግድግዳ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሹፌሩ አምስቱን ሜትር ኩብ ሞልቶ መንቀሳቀስ ስለማይፈልግ ምልልሱ ይጨምራል። በበጋ ደግሞ አቧራው ነው፤ በተለይ ኮርኒስ ሲነሳ የሚወርደው የዘመናት ጥላሸትና የአይጥ ቆሻሻ ሰፈሩን ሁሉ ያስለቅሳል። እኛ የጀመርነው ከመስቀል በኋላ ነበር፤ ቢሆንም ግድግዳ በሚናድባቸው ቀናት ውኃ የሚረጭ ሰው ለብቻው ቀጥረናል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና የራስ ቆብ ከግምቱ ውስጥ ይግባ፤ አለቃው «ልጆቹ አይለብሱትም» ቢላችሁም አትስሙት። የሥራው ቅደም ተከተልም በውሉ ይጻፍ፦ መጀመሪያ በርና መስኮት፣ ከዚያ ኮርኒስ፣ ቆርቆሮ፣ የጣሪያ እንጨት፣ ቀጥሎ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች፣ በመጨረሻ ወለልና መሠረት። ግድግዳን ከሥሩ ቦርቡሮ በአንድ ጊዜ መጣል ቀን የሚያሳጥር ይመስላል፤ ሰው የሚሞተው ግን በዚያ ዓይነት ሥራ ነው። ሠራተኛ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም ከመጀመሪያው ተነጋግራችሁ ጻፉ።

ከመኪናው ጋር ያለው ሒሳብ ካልተጠበቀ እስካሁን የተሠራው ስሌት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እኛ ሹፌሩ በቢያጆ እንዲከፈለው ስንስማማ ሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታውን ለክተን በወረቀት አሰፈርን፤ እያንዳንዱ ሙሉ ጭነት ከበር ሲወጣ ቀኑ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ለሹፌሩ እንሰጠዋለን፣ ጉርዱ እኛ ዘንድ ይቀራል። በማታ ሒሳብ ጊዜ የሹፌሩና የእኛ ወረቀት እኩል ካልሆነ ጭቅጭቁ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ለሳምንት አይከማችም። ፍርስራሹ የት እንደሚደፋም ጠይቁ። ከሌሎቹ በጣም አሳንሶ የጠራ አንድ ሹፌር ነበር፤ ዋጋው የቀነሰው ወንዝ ዳር ሊደፋው አስቦ እንደሆነ በኋላ ከራሱ አፍ ሰማን። የተፈቀደውን የመድፊያ ቦታ ከወረዳችሁ ጠይቃችሁ እስከዚያ ያለውን ርቀት ለሹፌሩ ነግራችሁ ነው ዋጋ መዋዋል ያለባችሁ። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ወጣቶችም አሉ፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ከሚደረግ ክርክር ይልቅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጠርተው ለሙሉው ጭነት በአንድ ዋጋ ቢስማሙ ለሁሉም ይሻላል። የእኛዎቹ ድንጋይ መለየቱንም ጨምረው ስለያዙ ሌላ ሰው መቅጠር አላስፈለገንም።

ለአፍራሹ ክፍያውን በሦስት ከፈልነው፦ ለመነሻ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሲወርድ፣ ቀሪው መሠረቱ ወጥቶ መሬቱ ሲስተካከል። የመጨረሻው ድርሻ ትንሽ እንዳይሆን ጠንቀቅ በሉ፤ ቀላሉ ሥራ ካለቀ በኋላ ወለልና መሠረት የሚቀረው ሠራተኛ፣ የሚጠብቀው ክፍያ ካነሰ ሌላ ሰፈር ሌላ ሥራ ያገኛል። እንዲህ ሲሆን የአንድ ዘመዳችን ግቢ መሠረቱ ሳይወጣ ከርሞ ሁለተኛ ቡድን በአዲስ ዋጋ ተቀጥሮበታል።

ሁሉም አልቆ ወጪው ሲደመር፣ ከጠቅላላው ግማሽ በላይ የወሰደው መጫንና ማጓጓዝ ነው። የመናጃው ጉልበት ሩብ ያህል ነበር፤ የቀረውን ጉድጓዶቹ፣ የጎረቤቱ ግድግዳ፣ የቆጣሪ ማዛወሪያውና ልዩ ልዩ ክፍያዎች ተካፍለውታል። መጀመሪያ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ የጠራው ዋጋ ስህተት አልነበረም፤ የሩቡን ሥራ ዋጋ ነው የነገረን። ለመጠባበቂያ የያዝነው ከግምቱ 20 በመቶ ነበር፤ አብዛኛው የገባው ያ የተረሳ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የናንተ ቤት ሰርቪስ ከሌለውና ታሪኩን በደንብ የምታውቁት ከሆነ 15 በመቶ ሊበቃ ይችላል፤ ቤቱን በቅርብ የገዛችሁት ከሆነ ግን ከ20 ባትወርዱ እመክራለሁ።

የለካችሁበትን ወረቀት፣ ፎቶዎቹንና ጉድጓዶቹ ከአጥሩ በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደነበሩ የሚያሳየውን ንድፍ ሥራው አለቀ ብላችሁ አትጣሉት። ከካርታው ቅጂ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጡት፤ መሐንዲሱ የአዲሱን ሕንፃ መሠረት ሲነድፍ ከሁሉ በፊት የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ መሬቱ ተስተካክሎ ምንም ምልክት አይታይበትም።